የጊቤ ሁለት ጉሮሮ፦ በተመረቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተደረመሰው ዋሻ

በ2001 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ብየዳ ቤት የነበረው ሰው ቀኑን የሚቆጥረው በሰኞና በማክሰኞ አልነበረም፤ በመብራት ነበር። ፈረቃው አንድ ቀን በአንድ ቀን ደርሶ ነበርና በር ያሠራ ደንበኛ «መቼ ልምጣ?» ሲለው መልሱ «ነገ የእኛ ተራ አይደለም፣ ከነገ ወዲያ ብቅ በል» ነበር። ወፍጮ ቤቶች ደጃፍ ጆንያ ተደርድሮ ያድራል፤ መብራት የመጣ ዕለት ወፍጮው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያነጋል። ጄኔሬተር የገዛ ዳቦ ቤት በናፍጣ ዋጋ ይቃጠላል፣ ያልገዛው ሊጥ ይበላሽበታል። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ከሻማ ጋር ተፋጥጦ ያመሻል።

የችግሩ ሥር ግልጽ ነበር። አገሪቱ የምታመነጨው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው፤ ዝናቡ ሲያንስ ግድቦቹ ይጎድላሉ። አጠቃላይ የማመንጨት አቅሟም በዚያን ጊዜ 800 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አዲስ ጣቢያ ሊያልቅ ነው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ካለው ላይ ግማሹን ያህል መጨመር ማለት ነው። ያ ጣቢያ ግልገል ጊቤ ሁለት ነው። በጥር 2002 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመረቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ውኃውን የሚያመጣለት ዋሻ ተራራ ውስጥ ተደረመሰና ሥራ አቆመ። ዳግም የተነሣው በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ።

ይህን ጉዳይ መርጬ የምጽፈው የተፈጥሮ አደጋና የሰው ውሳኔ እንዲህ ተጋምደው የሚታዩበት ሌላ የአገራችን መሠረተ ልማት ስለማላውቅ ነው። አለቱ የተፈጥሮ ነው። አለቱ መውደቁ የአንድ ዓመት ጨለማ ያህል ዋጋ እንዲያስከፍል ያደረገው ግን አለቱ ብቻ አይደለም።

ያንኑ ውኃ ሁለት ጊዜ

ሐሳቡ ያምራል፤ ይህን ሳልናገር ወደ ስህተቱ ብሄድ ፍርዴ ይዛባል። በጅማ ዞን የግልገል ጊቤ ወንዝ ላይ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ነው። ውኃው ተርባይኖቹን አዙሮ ሲወጣ ወደ ወንዙ ይመለስና የፎፋን ተራራ ዞሮ፣ ከትልቁ ጊቤ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ኦሞ ይወርዳል። መሐንዲሶቹ ያዩት ነገር ይህ ነው፦ ወንዙ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ቀስ በቀስ የሚወርደውን ከፍታ፣ ተራራውን በቀጥታ ብንበሳው በአንድ ጊዜ ልናገኘው እንችላለን። በተራራው ማዶ፣ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ፣ ውኃው 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ይህን ያህል ከፍታ ካለ ብዙ ውኃ አያስፈልግም፤ ከከፍታ በሚወረወር ውኃ የሚዞሩ አራት የፔልተን ተርባይኖች 420 ሜጋ ዋት ይሰጣሉ።

ሌላ ትልቅ ግድብ አያስፈልግም። ከጊቤ አንድ በታች ውኃውን የሚቀለብስ አነስ ያለ ግንብ ይበቃል። ሰፊ እርሻ በውኃ አይዋጥም፤ ከቀዬው የሚነሣው ሰው ጥቂት ነው። በአንድ ወንዝ ውኃ ሁለት ጊዜ መብራት ይገኛል። ከጊዜ በኋላ ይኸው ውኃ ኦሞ ላይ ወርዶ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ጊቤ ሦስትንም ማዞር ጀምሯል፤ ከእርሱም በታች ኮይሻ እየተገነባ ነው። ወንዝን ደረጃ በደረጃ መጠቀም ይሉታል የሙያው ሰዎች፤ ትክክል ነው።

የዚህ ሁሉ ውበት ዋጋ አንድ ነው፤ 26 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ። ውኃው የሚያልፍበት ሌላ መንገድ የለም። ግድብ ያለው ጣቢያ አንዱ ተርባይን ቢበላሽ በቀሩት ይሠራል፤ ጊቤ ሁለት ላይ ግን አራቱም ተርባይኖች የሚጠጡት ከአንድ ጉሮሮ ነው። ጉሮሮው ከታነቀ 420ው ሜጋ ዋት አንድ ላይ ዜሮ ይሆናል።

ማሽኑን ወደ ኋላ የገፋው ጭቃ

ዋሻውን የቆፈሩት ሁለት ግዙፍ ማሽኖች ናቸው፤ አንዱ ከመግቢያው፣ ሌላው ከመውጫው ተነሥተው ተራራው መሐል እንዲገናኙ። እያንዳንዱ ማሽን ፊቱ ሰባት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ብረት ነው፤ በላዩ ላይ የተተከሉት የብረት ጎማዎች እየተሽከረከሩ አለቱን ይፈጫሉ። ከፊቱ ጀርባ ወፍራም የብረት ቀፎ አለ፤ ሠራተኞቹ በዚያ ተከልለው፣ ፋብሪካ ውስጥ አስቀድመው የተሠሩ የኮንክሪት ክፋዮችን እንደ ቀለበት እያገጣጠሙ ግድግዳ ያበጃሉ። በቀለበቱና በአለቱ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ደግሞ በጠጠርና በፈሳሽ ሲሚንቶ ይሞሉታል። አለቱ ጠንካራ ሲሆን ይህ አሠራር ፈጣን ነው፤ ከኋላው የተጠናቀቀ ዋሻ እየተወ ይሄዳል። ችግሩ አለቱ ጠንካራ ካልሆነ ነው። ማሽኑ እንደ ዶማ ወዲያ ወዲህ አይልም፤ ቀፎው ከተያዘ ተያዘ።

በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከመግቢያው በኩል አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ገብቶ የነበረው ማሽን የተሰባበረ የአለት መስመር ውስጥ ገባ። አካባቢው ከስምጥ ሸለቆው ብዙ የማይርቅ፣ እሳተ ገሞራ የወለደው አለት ያለበት ምድር ነው፤ እንዲህ ያለ አለት በአንድ ቦታ እንደ ብረት ይጠነክራል፣ ጥቂት ሜትር አልፎ ስብራት ሲያጋጥም ደግሞ በውኃ የራሰ አፈር ሆኖ ይገኛል። የሆነውም ይኸው ነው። ከፊት ያለው ምድር በመፈጨት ፋንታ ራሱ መግፋት ጀመረ። ጭቃው በማሽኑ ፊት ክፍተቶች እየገባ፣ ያን ሁሉ ብረት ወደ ኋላና ወደ ጎን ገፋው። ከኋላው የተተከሉ የኮንክሪት ቀለበቶች ተሰባበሩ። ጭቃው ትኩስ ነበር።

በኋላ ላይ ጉዳዩን ያጠኑት መሐንዲሶች ማሽኑን የተጫነውን ግፊት 40 ባር ብለው መዝግበውታል። ይህ ቁጥር ለሙያው ሰው እንጂ ለሌላው ምንም ላይነግረው ይችላል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ ሁለት ባር ከጥቂት ነው። 40 ባር ማለት 400 ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ሥር የሚገኝ ጫና ነው። ያን ጫና የያዘው ጭቃ ነው፤ ፊት ለፊቱ ቆመው የሚሠሩት ደግሞ ሰዎች ናቸው።

ማሽኑን ለማዳን በጎኑ ሌላ መተላለፊያ መቆፈር ግድ ሆነ። የተቀበረውን ብረት ከኋላና ከጎን ደርሰው ማላቀቅ፣ መጠገን፣ ምድሩን በሲሚንቶ ማጠንከር፣ ከዚያም ክፉውን ቦታ ሸሽቶ ማለፍ። ከመውጫው በኩል የገባው ማሽን ሥራውን ቀጠለ። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. መካከል ያልቃል ተብሎ የታሰበው ሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ዘገየ። ሁለቱ ቁፋሮዎች የተገናኙት በ2001 ዓ.ም. ነው፤ በትክክል ከተማው በፈረቃ በነበረበት ዓመት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ተራራው ምን እንዳለው በ1999 ዓ.ም. ተናግሯል። ከዚያ በኋላ በዚያ ተራራ ውስጥ የሚደርስ ማንኛውም መደርመስ «ማንም ያላሰበው» የሚባልበት ጊዜ ያለፈ ይመስለኛል። የትኛው ሜትር ላይ እንደሚሆን ማወቅ አይቻልም፤ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ግን ይቻል ነበር።

ውሉ

የተፈጥሮው ክፍል ይህ ነው። የሰው ክፍል የሚጀምረው ቁፋሮው ከመጀመሩ አስቀድሞ ነው።

የግንባታው ውል በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽንና በጣሊያኑ ሳሊኒ ኮስትሩቶሪ መካከል ሲፈረም ዓለም አቀፍ ጨረታ አልወጣም። ሥራው ከዲዛይን እስከ ማስረከብ ለአንድ ተቋራጭ በአንድ ጥቅል የተሰጠ ነበር። የጣሊያን መንግሥት 220 ሚሊዮን ዩሮ፣ የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ 50 ሚሊዮን ዩሮ አበደሩ፤ የቀረውን መንግሥት ሸፈነ። ጨረታ አለመውጣቱ በጣሊያንም ሆነ በሌላው አውሮፓ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። መንግሥት የሰጠው ምክንያት ጥድፊያው ነበር፤ የኃይል እጥረቱ ፋታ አይሰጥም የሚል። በዚህ ክርክር ውስጥ ማን ንጹሕ ነው ማን አይደለም የሚለው የእኔ ጉዳይ አይደለም። የሚያሳስበኝ ጨረታ መቅረቱ በዋሻው ላይ ምን አደረገ የሚለው ነው።

ጨረታ ዋጋ ለማስቀነስ ብቻ የሚደረግ ይመስለናል። በመሬት ውስጥ ሥራ ላይ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ተጫራቾች ዋጋ ለመስጠት የሥነ ምድር ጥናቱን አንድ በአንድ ያገላብጣሉ፤ ጥናቱ ሲሳሳ «እዚህ ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ካላሳያችሁን ይህን ያህል እንጨምራለን» ይላሉ። አራት አምስት ቡድን መሐንዲሶች ያንኑ ተራራ በየራሳቸው ዓይን ያዩታል። ከአንድ ወገን ጋር ብቻ ሲዋዋሉ ያ ሁሉ ዓይን ይቀራል። ባለቤቱም ጠንካራ የራሱ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከሌሉት፣ ነዳፊው ያለውን፣ ነዳፊው ራሱ ገንቢ ሆኖ ሳለ፣ አምኖ ይሄዳል።

ሐቁን ለመናገር፣ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻን ከላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ማጥናት አይቻልም። ብዙ መቶ ሜትር ወደ ታች የሚወርድ የጥናት ጉድጓድ ውድ ነው፤ በሁለት ጉድጓዶች መካከል ያለ ስብራትም ሳይታይ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ረጅም ዋሻ የሚቆፍሩ ሰዎች የሚያደርጉት ከማሽኑ ፊት ቀጭን ጉድጓድ እያስቀደሙ መሄድ ነው፤ ዓይነ ስውር በበትሩ መንገዱን እየዳሰሰ እንደሚሄድ። ይህ ደግሞ ማሽኑን በየጊዜው ያስቆማል፤ ማሽን ሲቆም ቀን ይቆጠራል፤ ቀን ሲቆጠር ገንዘብ ይሄዳል። በጥድፊያ የተፈረመ ሥራ መጀመሪያ የሚቆርጠው እንዲህ ያለውን ዳሰሳ ነው። ይህን የምለው ስለ አንድ ድርጅት አይደለም፤ በመንገድም በሕንፃም ሥራ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ምረቃውና ሁለቱ ሳምንታት

ምረቃው ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ፤ የጣሊያኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፍራንኮ ፍራቲኒም ነበሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ተከዜ ተመርቆ ነበርና፣ አሁን ፈረቃ የሚባል ነገር ተረት ሆነ የሚል ተስፋ በየቤቱ ነበር።

ከዚያ ዋሻው ተደረመሰ። ተቋራጩ ያልተጠበቀ የሥነ ምድር ክስተት ትልቅ የአለት ናዳ እንዳስከተለ አስታወቀ። ወደ ተርባይኖቹ የሚሄደው ውኃ ቆመ።

ለምን ምረቃውን ተከትሎ? በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የዋሻ ሥራ ያለው ሰው ይህን ጊዜ በዓይነ ቁራኛ የሚጠብቀው በምክንያት ነው። ዋሻ ደረቅ ሆኖ መቆሙና ውኃ ሞልቶ መቆሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲቆፈር በዙሪያው ያለው አለት ይላላል፤ የከርሰ ምድር ውኃውም ወደ ባዶው ዋሻ እየፈሰሰ ይወርዳል። ውኃ ሲሞላ ነገሩ ይገለበጣል። ከውስጥ ያለው ግፊት ወደ ውጭ ይገፋል፤ በኮንክሪት ክፋዮቹ መጋጠሚያ ጥቂት ጥቂት ሲሰርግ ከኋላ ያለውን የላላ አለት ያርሰዋል፤ ስብራቱ ውስጥ ያለው ሸክላማ አፈር ውኃ ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ያብጣል። ቀለበቱ እስከዚያች ቀን ያልተሸከመውን ጭነት ይሸከማል። በዚህ ምክንያት ዋሻ መጀመሪያ ሲሞላ ቀስ በቀስ ይሞላል፣ ይጠበቃል፣ ይለካል፤ ከዚያም ተመልሶ ባዶ ተደርጎ ሰው ገብቶ በመብራት ግድግዳውን ሜትር በሜትር ያየዋል። ይህ ሁሉ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈልጋል።

ሳምንት ግን በዚያን ጊዜ ማንም ዘንድ አልነበረም። ከተማው ጨለማ ነው፣ ሥራው ሁለት ዓመት ዘግይቷል፣ እንግዶቹ ተጠርተዋል። የምረቃ ቀን ፖለቲካ የሚቆርጠው ቀን እንጂ ዋሻው የሚቆርጠው ቀን አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ «ገና እየፈተሽን ነው» ማለት ነውር ሆኖ ይታያል። ብቻችንን አይደለንም በዚህ፤ ነገር ግን ድሃ አገር ስለሆንን ዋጋው እኛ ላይ ይከብዳል።

አሥራ አንድ ወር

ጥገናው ቀላል የሚመስለው ዋሻን ቀዳዳ አድርጎ ለሚያስብ ሰው ነው። የወደቀው ቦታ ለመድረስ ዋሻውን ከውኃ ማጥራት፣ ኪሎ ሜትሮች ወደ ውስጥ መጓዝ፣ አየር ማስገባት፣ መብራት መዘርጋት ያስፈልጋል። ናዳ የወደቀበትን ቦታ ዝም ብሎ ዝቆ ማውጣት አይቻልም፤ ከሥር በተዛቀ ቁጥር ከላይ ይወርዳል። መጀመሪያ የላላውን አለት በሲሚንቶ አስሮ፣ በብረት ደግፎ፣ ቀስ እያሉ ማለፍ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሰው በማብዛት ሥራው አይፈጥንም፤ ፊቱ ላይ ሊቆሙ የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው።

በነዚያ ወራት ብድሩ ወለድ ይቆጥራል። ጣቢያው ግን አንዲት ኪሎ ዋት አይሰጥም። ውኃው በድሮው መንገዱ ተራራውን ዞሮ ወደ ኦሞ ይፈሳል። ያተረፈን ግንቦት 2002 ዓ.ም. ላይ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ መመረቁ ነው፤ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ተደምሮ ወደ አንድ ቀን በአንድ ቀኑ ፈረቃ እንዳንመለስ አድርጎናል። በለስ አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮስ? ብየዳ ቤቱ ተዘግቶ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። መሠረተ ልማት ሲሰበር ከባለሥልጣኑና ከተቋራጩ በፊት የሚከፍለው ጄኔሬተር የሌለው ሰው ነው፤ በካሣ መዝገብ ላይም ስሙ አይገኝም።

«ያልተጠበቀ» የሚለው ቃል

ከጉዳዩ ሁሉ አብሮኝ የቀረው ይህ ቃል ነው። በውል ቋንቋ «ያልተጠበቀ የሥነ ምድር ሁኔታ» ማለት ተራ አነጋገር አይደለም፤ ኪሳራውን ማን ይከፍላል የሚለውን የሚወስን ቃል ነው። ክስተቱ ይጠበቅ ነበር ከተባለ ተጠያቂው አንድ ወገን ነው፤ አይጠበቅም ነበር ከተባለ ሌላ ነው። ስለዚህ መሬቱን አስቀድሞ ጠንቅቆ ማጥናት ለምህንድስና ብቻ ሳይሆን ለክርክርም መሠረት ነው። ያልጠየቁት መሬት ሁሉ ያልተጠበቀ ነው።

በዚህ ረገድ መልካም ነገርም ተሠርቷል። የ1999 ዓ.ም. አደጋን በቅርብ ያዩ መሐንዲሶች ቁጥሩን፣ ሥዕሉን፣ ያደረጉትን ሙከራ ጽፈው ለሙያ ጓዶቻቸው አውጥተዋል። ዛሬ በሌላ አገር ተራራ የሚበሳ መሐንዲስ 40 ባር ጭቃ ምን እንደሚሠራ ከፎፋ ተራራ ይማራል። ስለ ጥር 2002ቱ መደርመስ የተጻፈ እንዲሁ ዝርዝር ሪፖርት በጅማና በአርባ ምንጭ የምህንድስና ተማሪዎች እጅ ቢገባ፣ በአማርኛም ቢነበብ ደስታዬ ወሰን የለውም። የቀጣዮቹን ዋሻዎች ውል የሚያረቅቁት እነርሱ ናቸው።

ምድራችንም ዝም የሚል አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ለሳምንታት የተደጋገመው ርዕደ መሬት ቤት አፍርሷል፣ መንገድ ሰንጥቋል፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው አስነሥቷል፤ በዚያው አካባቢ ያለው የከሰም ግድብ ይጎዳ ይሆን የሚለውም ሁላችንንም አሳስቦን ነበር። ግድቦቻችን፣ የባቡር ሐዲዳችን፣ የመብራት መስመሮቻችን ብዙዎቹ የሚያልፉት በዚያ ስምጥ ሸለቆ ወይም በዳርቻው ነው። ስለዚህ ከጊቤ ሁለት ወስጄ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። በአንድ ጉሮሮ የሚተነፍስ ጣቢያ ሲሠራ፣ ጉሮሮው ለስድስት ወር ቢዘጋ አገሪቱ በምን ትኖራለች የሚለው ከውሉ በፊት ይጻፋል ወይ? ባለቤቱ መሥሪያ ቤት ከተቋራጩ ነጻ የሆኑ፣ «ቁሙ» ለማለት ሥልጣን ያላቸው የሥነ ምድር ባለሙያዎች አሉት ወይ? የመጀመሪያው ሙሌትና የውስጥ ፍተሻ ሳይጠናቀቅ የምረቃ ቀን እንዳይቆረጥ የሚከለክል ደንብ አለ ወይ?

ጊቤ ሁለት ከጥገናው በኋላ ወደ ሥራ ተመልሷል። ውኃው ዛሬም ከጊቤ አንድ ተርባይኖች ወጥቶ፣ በፎፋ ተራራ ሆድ 26 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ኦሞ ሸለቆ ላይ 500 ሜትር ቁልቁል ይወረወራል። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያልፈውን ውኃ የሚያየው ሰው የለም፤ ግድግዳውን የሚያየው ውኃው ሲቆምና ሰው መብራት ይዞ ሲገባ ብቻ ነው።